ያወረሷችሁን መኪና ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

ልጆች፣ ይሄን የምጽፍላችሁ የድሮ የአሜሪካ መኪና ይዘው ጋራዥ የሚመጡ ወጣቶች ስለበዙ ነው። አንዱ ከአባቱ ደርሶት፣ አንዷ ስታስታምማቸው ከኖረቻቸው ሽማግሌ ሰውዬ ተሰጥቷት፣ ብቻ ሁሉም ዓይናቸው እያበራ ነው የሚመጡት፣ ደስ ይለኛል። ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፣ "ጋሼ፣ ሞተሩን ስንት ፈረስ ጉልበት ማድረስ ይቻላል?" ቀጥሎ ቸርኬ፣ ከዛ ቀለም። ፍሬኑ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ልጅ የለም፣ እና እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

እኔ መካኒክነት የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፣ ያኔ ዕቃውን ሁሉ በጣልያንኛ ስሙ ነበር የምንጠራው፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ እያልን፣ ቨርጂኒያ ስመጣ እጄ የሚያውቀውን ነገር ስሙን እንደገና መማር ነበረብኝ። ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ አሜሪካዊ አዛውንት ጋራዣቸው ውስጥ የፈረንጅ 1966 ሞዴል ዶጅ ዳርት የምትባል መኪና ነበረቻቸው፣ አራት በር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 225 ኪዩቢክ ኢንች የሚባለው ስላንት ሲክስ ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 3.7 ሊትር። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ ተሳፋሪው ጎን 30 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፣ ስሙም ከዛ የመጣ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው መኪናዋን አልፈለጓትም፣ ለኔ ሰጡኝ። አስራ አንድ አመት ሳትንቀሳቀስ ነው ያገኘኋት።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በውርስ የመጣ መኪና ላይ የመጀመሪያው ስራ መፍታት አይደለም፣ ማንበብ ነው። የሰጧችሁን ነገር ሳታውቁት አትቀይሩት። የኔዋ የፊት ኪስ ውስጥ ትንሽዬ ደብተር ነበረች፣ በእርሳስ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ካርቡሬተሩ የታደሰበት፣ የቮልቴጅ ሬጉሌተሩ የተቀየረበት፣ ሁሉም ከነማይሉ። አንድ ገጽ ላይ "የኋላ ግራ፣ እርጥብ" የሚል ነበር፣ ሌላ ምንም ማብራሪያ የለውም። አነበብኩት፣ አለፍኩት። ለሱ እመለሳለሁ።

ለረጅም ጊዜ የቆመን ሞተር ቁልፍ አዙራችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ፣ በተለይ ጓደኛ ተሰብስቦ ቪዲዮ እየቀረጸ። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አርጉ፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ ሞተሩ ፊት ላይ ያለውን የክራንክ ብሎን በእጅ ቁልፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በእጅ ከዞረ ብቻ ነው ሞተሪኖ፣ ማስነሻው ማለቴ ነው፣ የሚነካው። ታንኩ ውስጥ ያለው አሮጌ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፣ አንድ ጠብታ ሳታስቀሩ አፍስሱት። የነዳጅ ጎማ ቱቦውን ሁሉ ቀይሩ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የዛሬ የአሜሪካ ቤንዚን 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለበት፣ ኢታኖል ደግሞ የድሮውን ጎማ ይበላዋል፣ ቱቦው የሚያልፈው በጋለ ሞተር አጠገብ ስለሆነ የሚከተለውን አስቡት።

ሞተሩ ሲነሳ ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምጽ ከሰማችሁ አትደንግጡ። ብዙ ልጅ ይሄንን ሰምቶ ሞተሩ አለቀ ብሎ ቪኤይት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር፣ ሊገጥም ይነሳል። የዛን ዘመን ስላንት ሲክስ ቫልቩ በየጊዜው በእጅ መስተካከል ያለበት ነው፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ክፍተቱ ማስገቢያው ቫልቭ ላይ 0.010 ኢንች፣ ማስወጫው ላይ 0.020 ኢንች። አንድ ከሰአት በኋላ ነው ስራው። ትንሽ ድምጽ ቢቀርም ጥሩ ነው፣ እንዳይሰማ ብላችሁ በጣም ካጠበቃችሁት ቫልቩን ታቃጥሉታላችሁ። ዘይቱ ደግሞ ዚንክ ያለው ይሁን፣ እነዚህ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ላይ ፍትጊያ አለባቸው።

እንግዲህ ወደ ፍሬኑ።

እስከ 1966 ድረስ አብዛኛው የአሜሪካ መኪና የፍሬን ማስተር ሲሊንደሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማለት ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው። አንድ የዘይት ማጠራቀሚያ፣ አንድ መስመር፣ አራቱም ጎማ በሱ። አንዱ ጎማ ጋ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ይሄዳሉ ማለት ነው። ፕሬዝዳንት ጆንሰን የመኪና ደህንነት ህጉን የፈረሙት በመስከረም 1966 ነው፣ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም የአሜሪካ መኪና ሁለት ክፍል ያለው ሆነ፣ ፊትና ኋላ ተለየ፣ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል። የኔዋ የመጨረሻዋ አመት ላይ ነች፣ ይሄን አውቅ ነበር። ባለሙያ ነኝ፣ ለሌላ ሰው መኪና ቢሆን አልለቀውም ነበር። ግን የራሴ ስለሆነች፣ ፔዳሉም ጠንካራ ስለነበረ፣ መጀመሪያ ቀለሟን ልጨርስ አልኩ፣ ያቺን ውሃ ሰማያዊ ቀለም መልሼ ለማየት ቸኩዬ ነበር።

አርሊንግተን ውስጥ ወደ መብራት የሚወርድ ቁልቁለት አለ። መብራቱ ቀይ ነው፣ ፊቴ የልጅ ጋሪ የምትገፋ ሴት እየተሻገረች ነው። ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ መጀመሪያ ለስለስ አለ፣ ከዛ ምንም እንደሌለው ወለሉን ነካ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ባዶ ነው። ማርሹን ወደ አንደኛ ጎተትኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ማቆሚያ ፍሬኑን ሳብኩ፣ የቀኝ ጎማዬን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ እያፋጨሁ ቆምኩ። ሴትየዋ ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም፣ ጋሪዋን እየገፋች ሄደች። እኔ ግን እጄ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎኝ መብራቱ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ወርጄ ሳይ የኋላ ግራ ጎማው ውስጥ ለውስጥ በዘይት ርሷል። የኋላ ግራ፣ እርጥብ። ሰውዬው ጽፈውልኝ ነበር እኮ።

ለዚህ ነው የምለምናችሁ። የመጀመሪያው ብር ወደ ፍሬን ይሂድ። ሁለት ክፍል ያለው ማስተር ሲሊንደር ግጠሙ፣ የየጎማውን ሲሊንደር ቀይሩ፣ የብረት ቱቦዎቹን እንዳለ ቀይሩ ምክንያቱም የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ቱቦው ከውጭ ንጹህ ሆኖ ከውስጥ ሊዝግ ይችላል። ጎማ ቱቦዎቹም እንደዛው፣ ከውስጥ ያብጡና ዘይቱን አስገብተው አይመልሱም፣ ከዛ ፍሬን ሳትይዙ ጎማው ይግላል።

የፊቱን ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ መቀየር ከፈለጋችሁ እሰየው፣ ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ስካይላይን ድራይቭን የመሰለ ረጅም የተራራ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየወረደ እየወረደ ይሄድባችኋል። ለዳርት ከ1973 እስከ 1976 የወጡት የዛው ቤተሰብ መኪኖች የፊት ዲስክ የነሱ የላይኛው ክንድም አብሮ ከተወሰደ ይገጥማል። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ የነሱ የጎማ ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ 4.5 ኢንች ነው፣ የናንተ የኋላው 4 ኢንች ነው፣ ስለዚህ ወይ የኋላውንም ትቀይራላችሁ ወይ ሁለት አይነት ትርፍ ጎማ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። የታምቡሩን ማስተር ሲሊንደር ደግሞ ለዲስክ አትጠቀሙበት፣ ዘይቱም አይበቃም፣ ውስጡ ያለው ቫልቭም ዲስኩን ሳይለቅ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ብር ወደ ኤሌክትሪክ። በነዚህ መኪኖች ከዲናሞ የሚመጣው ኃይል በሙሉ በሞተሩና በውስጡ መካከል ባለው ግድግዳ ሶኬት አልፎ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው አምፔር መለኪያ ዞሮ ነው ወደ ባትሪ የሚመለሰው። ለድሮው ትንሽ ዲናሞ ይበቃ ነበር። አንድ ልጅ ትልቅ ስፒከርና ትልቅ ዲናሞ አስገጥሞ መጣ፣ ሽቦው ግን ያው የ60ዎቹ ነው። ሶኬቱን ስነቅለው ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ካራሜላ ተሳበ፣ ከኋላው ያለው ምንጣፍ ጠቁሯል። ልጁ የሆነ ሽታ አለ እያለ ሁለት ሳምንት ነድቶታል! ዲናሞ ከማሳደጋችሁ በፊት ወፍራም ሽቦ ከነፊውዙ በቀጥታ ወደ ባትሪ ዘርጉ፣ መለኪያውን ከመንገዱ አውጡት።

ከዛ ወለሉን። ምንጣፉን አንሱት፣ ላሜራውን በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አርጉ። ዳርት ፊቷን የሚሸከሙት ቶርሽን ባር የሚባሉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፣ የኋላ ጫፋቸው የሚታሰረው ከፊት ወንበሩ ስር አካባቢ ባለው መስቀለኛ ብረት ላይ ነው። እዛ ዝገት ካለ ስቱኮ ለጥፋችሁ ቀለም አትቀቡበት፣ ተቆርጦ በአዲስ ብረት መበየድ አለበት። ያማረ ቀለም ስር የበሰበሰ ብረት አይቼ አንድ ልጅን መኪናህን አትንዳት ስለው አልቅሷል፣ የአባቱ ነበረች። አብረን አንድ ክረምት ሰራናት፣ አሁን ልጆቹን ጭኖ ይነዳታል።

ልጆች ስትጭኑ ደግሞ የኔ መኪና ስትሰራ ቀበቶዋ የወገብ ብቻ ነበር። ትከሻ የሚይዝ አስገጥሙ፣ መልህቁን ግን ባዶ ላሜራ ላይ ሳይሆን በብረት ሳህን በተደገፈ ቦታ።

ቅዳሜ ክሪኩን ከመሳባችሁ በፊት አንዲት ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ባለማስተዋል ሁለት ብሎን የሰበርኩባት ናት። በዛን ዘመን ዳርት የግራ ጎማዎቹ ዳዶ ጥርሱ ግልባጭ ነው፣ በለመዳችሁት አቅጣጫ በገፋችሁ ቁጥር ይጠብቃል። ፊቱ በ70ዎቹ ዲስክ ከተቀየረ እዛ ጋ እንደማንኛውም መኪና ይሆናል፣ የኋላው ግራ ግን እንደ ድሮው ነው። ብሎኑ ጫፍ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አርጉት፣ ኤል የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች ወደ ቀኝ ነው የምትፈቱት።