የአያት ወረቀትና የጠፋው ሽልንግ

ጥያቄ፦ አያቴ በሣጥን ካቆዩት ወረቀት መካከል «በጥር 1936 ዓ.ም. 5 ሽልንግ ከ50 ሳንቲም ተበድሬአለሁ» የሚል አገኘሁ። አብሮት አንበሳ ያለበት ነጭ ሳንቲም ተጠቅልሏል። እናቴ «ሽልንግ ሐምሳ ሳንቲም ነው» ይላሉ። የልጄ መዝገበ ቃላት ደግሞ «የእንግሊዝ ፓውንድ ሃያኛ፣ 12 ፔንስ» ይላል። የማንን ልያዝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የእርስዎን ወረቀት የሚፈታው ግን ሦስተኛ ሽልንግ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ።

ቃሉ ከጥንት እንግሊዞች ጋር የኖረ ነው። ምንጩን ሊቃውንቱ ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ወገን «መቁረጥ፣ መሰንጠቅ» ከሚል ሥር፣ ሌላው «ማቃጨል» ከሚል ሥር ያወጡታል። ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ የሚያዝ ሳንቲም አልነበረም፤ መቀጫና ዕዳ የሚቆጠርበት ስም ብቻ ነበር። ልኩም ከአገር አገር ይለያይ ነበር፤ ከጥንቶቹ የእንግሊዝ መንግሥታት በዌሴክስ 5 ፔንስ፣ በመርሲያ 4 ፔንስ። በ12 ፔንስ የጸናው ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ነው። ሳንቲሙ የተቀረጸው በሄንሪ 7ኛ ዘመን ሲሆን ያኔ መጠሪያው ቴስቱን ነበር። እንግሊዝ ገንዘቧን በመቶ መቁጠር ስትጀምር፣ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.፣ ሽልንግ ከሒሳቧ ወጣ።

ወደ እኛ የገባው በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን ለማስወጣት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። በገበያው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ጠገራ ብርና የጣልያን ሊሬ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ምንዛሪው 1 ብር በ2 ሽልንግ ሆነ። የብር ግማሽ ሐምሳ ሳንቲም ነውና ሕዝቡ ለአዲሱ ሳንቲም የለመደውን ስም ሰጠው። የእናትዎ ሽልንግ ይህ ነው። ወረቀትዎ ግን የተጻፈው ከዚያ በፊት በ1936 ነውና የሚቆጥረው የምሥራቅ አፍሪካውን ሽልንግ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሳንቲም» በሚለው ላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ እንደ እንግሊዙ በ12 ፔንስ አይመነዘርም፤ መቶ ሳንቲም ነው። ስለዚህ የእርስዎ ወረቀት 5 ሽልንግ ተኩል ማለቱ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 2 ብር ከ75 ይሆናል። ያንኑ በእናትዎ አቆጣጠር ቢያሰሉት 5 ሽልንግ 2 ብር ከ50፣ በላዩ 50 ሳንቲም፣ ድምሩ 3 ብር ይመጣል። ልዩነቱ አንድ ስሙኒ ነው፤ የሚመጣውም ከሳንቲሙ ብቻ ስለሆነ ሽልንጉ ቢበዛም አያድግም።

ቀን የሌለው ወረቀት ቢገጥምዎ የሳንቲሙን ቁጥር ይዩ። 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የምሥራቅ አፍሪካው ነው ማለት ይቻላል፤ በኢትዮጵያ ሳንቲም የሚቆጥር ጸሐፊ 50 ሲሞላ «6 ሽልንግ» ብሎ ይጽፍ ነበርና። ከ50 በታች ከሆነ ከቁጥሩ ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ሌላ ምልክት ይፈልጉ። «ጠገራ» የሚል ካለበትም ለብቻው ያስቀምጡት፤ የጠገራ ዋጋ ከብር ማዕድን ዋጋ ጋር ይወጣና ይወርድ ስለነበር በዚህ ስሌት አይገባም።

ሳንቲሙን በአንበሳው ይለዩ። ከበስተጀርባው ተራራ ካለ የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ ነው፤ አክሊል ደፍቶ ሰንደቅ ከያዘ፣ በሌላው ገጽም የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ካለ፣ የእኛው ሐምሳ ሳንቲም ነው። ከተጠራጠሩ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ያስመዝኑ፤ የመጀመሪያው 7.8 ግራም ገደማ፣ የኛው 7 ግራም ገደማ ነው። የኛው ከሆነ ፲፱፻፴፮ (1936) የሚል ያነቡበታል። ይህ ግን ሳንቲሙ ከወረቀቱ ጋር በአንድ ጊዜ የተቀመጠ ነው አያሰኝም፤ ለሕዝብ የወጣው በ1937 ነውና በኋላ የተጨመረ ነው። እባክዎ በአመድ ወይም በሎሚ አይፈትጉት፤ መጀመሪያ የሚጠፋው የምስሉና የጽሕፈቱ ጠርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ከድሮ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ስተረጉም «አባትየው ልጁን በአንድ ሽልንግ ቆረጠው» እና «የንጉሡን ሽልንግ ወሰደ» የሚሉ አጋጠሙኝ። «ሐምሳ ሳንቲም» ልበለው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አይበሉ። ያ ትርጉም የኛ አገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ከውርስ መንቀል ነው። አባት ለልጁ በኑዛዜ አንዲት ሽልንግ የሚተውለት ረስቶት እንዳልሆነ ለማሳየት ነበር፤ ጭራሽ ካልጠቀሰው ኑዛዜው ይፈርሳል ብለው ይፈሩ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ግን ይህን አያስገድድም ነበር። በአማርኛ «ከውርስ ነቀለው» በቂ ነው። የሽልንጓ መሰጠት ለታሪኩ ካስፈለገ «አንዲት ሽልንግ ጥሎለት ከውርስ ነቀለው» ይበሉ።

ሁለተኛው ለውትድርና መግባት ነው። መልማዩ ለአዲሱ ምልምል አንድ ሽልንግ በእጁ ይሰጠው ነበር፤ ይህ ልማድ በ1879 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ቃል በቃል ከተረጎሙት አንባቢ ሰውየው የንጉሥ ገንዘብ የሰረቀ ይመስለዋል። «ወታደር ቤት ገባ» ይበሉ። ገንዘቡ በእርግጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ትዕይንት ካለ ግን «የምልመላውን ሽልንግ ተቀበለ» ብለው ቃሉን እንዳለ ያስቀምጡት።