የፍለጋ ሎግ ውስጥ አይፒ አድራሻን በሃሽ መቀየር ይበቃል?

ጥያቄ፦ የአንድ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሰርቨር አስተዳዳሪ ነኝ። በመፈለጊያ ሳጥናችን ውስጥ የሚጻፈው ቃል ሁሉ ከፈላጊው አይፒ አድራሻ (መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር) ጋር በፍለጋ ሎግ፣ ማለትም በዳታቤዝ መዝገብ፣ ይቀመጣል፤ የትኞቹ መጻሕፍት እንደሚፈለጉ የምናውቀው ከዚያ ነው። በቅርቡ ኃላፊዎቻችን «የመንግሥት አካል መጥቶ ማን ምን እንደፈለገ ስጡኝ ቢለንስ?» ብለው ስለጠየቁኝ አድራሻዎቹን በሙሉ በኤስኤችኤ-256 ሃሽ፣ ማለትም ጽሑፍን በቀጥታ ወደ ኋላ ወደማይፈታ ኮድ በሚለውጥ ስሌት፣ ቀየርኳቸው። ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። አስቀድመው ማሰብዎ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሃሽ በዚህ ቦታ የሚሰጠው መከላከያ ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ነው። የአይፒ ቪ4 (የተለመደው የአይፒ ዓይነት) አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ለሰው ቢበዛም ለማሽን ጥቂት ነው፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ሃሽ አድርጎ ከእርስዎ ሠንጠረዥ ጋር ለማመሳከር የሚያስፈልገው ጊዜ በሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል በሃሽ የሚጠበቀው ሊሆን የሚችለው ሁሉ ተቆጥሮ ስለማያልቅ ሲሆን፣ አድራሻ ግን ተቆጥሮ ያልቃል። ሃሹን በምስጢራዊ ቁልፍ ማሠራት፣ ቁልፉንም በየቀኑ እየቀየሩ የትናንቱን ማጥፋት በእርግጥ ይሻላል። ቁልፉ በሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ ግን ሎጉን የሚጠይቅ ትእዛዝ ቁልፉንም ሊጠይቅ ይችላል።

አድራሻው ግን የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው፤ ይበልጥ የሚያጋልጠው የፍለጋው ቃል ራሱ ነው። የአሜሪካው የኢንተርኔት ኩባንያ ኤኦኤል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ የ650,000 ያህል ተጠቃሚዎችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ የሦስት ወር ፍለጋ በይፋ ሲለቅ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም በቁጥር ተክቶ ነበር። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች በቀናት ውስጥ የአንዱን ቁጥር ፍለጋዎች ተከትለው አንዲት ሴት ቤት ድረስ ደረሱ። አይፒ አድራሻ አላስፈለጋቸውም፤ ሰው የራሱን የቤተሰብ ስም፣ የሚኖርበትን ሰፈርና የሚያስጨንቀውን ሕመም በአንድ መለያ ሥር ሲፈልግ ከርሞ ከሆነ፣ ፍለጋዎቹን ጎን ለጎን ማንበብ ብቻ ይበቃል። የእርስዎም ሠንጠረዥ አንድን ሃሽ ለወራት ሳይቀይር የሚይዝ በመሆኑ የሠራው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ከማስተካከል ይልቅ እንዲተዉት እመክራለሁ። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደተፈለገ እንጂ ማን እንደፈለገው አይደለም። ቀን፣ ቃልና ብዛት ብቻ የያዘ የቆጠራ ሠንጠረዥ ያብጁ፤ ከጥቂት የተለያዩ ፈላጊዎች በታች የመጣውን ቃል በየዕለቱ መጨረሻ ይጣሉ። እኔ መነሻውን አምስት ፈላጊ ባደርገው እመርጣለሁ። አንድ ሰው ብቻ የፈለገው ቃል ለመጽሐፍ ግዢ ዕቅድ ብዙም አይረባም፤ የሰው ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር ወይም በስሕተት የተለጠፈ የይለፍ ቃል የሚገኘው ግን እዚያው ውስጥ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የዌብ ሰርቨሩን የራሱን ሎግ ነው። ዳታቤዙን የቱንም ያህል ቢያጸዱት፣ የመፈለጊያ ሳጥኑ ቃሉን በገጹ አድራሻ ላይ የሚለጥፍ ከሆነ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ፍለጋ በአንድ መስመር ይጽፈዋል፤ መጀመሪያ አይፒ አድራሻው፣ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ከዚያ የተጠየቀው ገጽ፣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላም ቃሉ። በአማርኛ የተጻፈ ቃል እዚያ ላይ በፊደል አይታይም። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ፣ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ሁለት የቁጥርና የላቲን ፊደል ምልክቶች ሦስት ጊዜ ተደጋግመው ይሰለፋሉ፤ አራት ፊደል ያለው ቃል ሠላሳ ስድስት ምልክት ይሆናል። ይህን አይተው «ተመስጥሯል» ብለው የሚተዉት ባለሙያዎች አሉ። ምስጢር አይደለም፤ በአንድ ትእዛዝ ወደ ፊደሉ ይመለሳል። በአሳሹና በሰርቨሩ መካከል ያለውን ልውውጥ የሚመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስም ቢሆን ቃሉን የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ሳለ እንጂ ሰርቨሩ ከደረሰ በኋላ አይደለም። መፍትሔው የሎጉን አቀራረጽ ቀይሮ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው እንዳይጻፍ ማድረግ፣ ወይም ቃሉን በገጹ አድራሻ ሳይሆን በፖስት (ቃሉን በጥያቄው አካል ውስጥ በሚያስገባ የመላኪያ ዘዴ) መላክ ነው። ለደኅንነት ሲባል አይፒ አድራሻን ለጥቂት ቀናት መያዝ ግድ ከሆነ ይያዙት፤ ከቃሉ ጋር ግን በአንድ መስመር አይሁን።

በውጤት ገጹ ላይ ከሌላ ኩባንያ የሚጫን የስታቲስቲክስ ስክሪፕት ካለም ያንሱት። ስክሪፕቱ የገጹን ሙሉ አድራሻ ማንበብ ስለሚችል ቃሉ ወደዚያ ኩባንያ ሊሄድ ይችላል፤ ጥያቄው ለእነርሱ ከቀረበ እርስዎ ጨርሶ ላይሰሙ ይችላሉ።

ኃላፊዎችዎ ወደፈሩት ነገር ስንመጣ፣ ጥያቄው ሁልጊዜ «ይህ ሰው ምን ፈለገ?» የሚል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ዴንቨር አምስት ሰዎች በሞቱበት የቤት ቃጠሎ፣ ፖሊሶች ለጉግል ያቀረቡት የብርበራ ማዘዣ ከቃጠሎው በፊት በነበሩት 15 ቀናት የዚያን ቤት አድራሻ የፈለጉትን ሁሉ የሚጠይቅ ነበር፤ ከቃሉ ተነሥቶ ወደ ሰው መሄድ ማለት ነው። ዴንቨር የምትገኝበት የኮሎራዶ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው በፍለጋ ታሪኩ ላይ በክልሉ ሕገ መንግሥት የተጠበቀ ግላዊነት እንዳለው ተቀብሎ፣ ፖሊሶቹ በቅን ልቦና ስለሠሩ ግን ማስረጃው እንዲያገለግል ፈቅዷል። እኔ መርማሪዎቹን አልወቅስም፤ የአምስት ሰው ሞት ቀላል ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ ከወንጀሉ ጋር የማይገናኝ ሰው በአንድ ቃል ምክንያት በዝርዝር ውስጥ መግባቱ ነው፤ ይህንንም አስቀድሞ መከላከል የሚችለው መዝገቡን የሚነድፈው ባለሙያ ነው።

ጊዜው ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ትእዛዝ ሳይመጣ በፊት፣ በጽሑፍ በሰፈረ መደበኛ የማቆያ ደንብ የሚሠራ ነው። ትእዛዝ ከደረሰዎት በኋላ አንድም መስመር አያጥፉ፤ በራሱ የሚያጠፋውን ፕሮግራም እንኳ ያቁሙ፤ ያለዚያ ማስረጃ በማጥፋት ሊጠየቁ ይችላሉ። ቀጥሎ ወረቀቱን ለሕግ ባለሙያ ይስጡና ማን እንዳዘዘው፣ በየትኛው ሕግ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚሸፍን ይጣራ። ስፋቱን መከራከር ይቻላል፦ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ከጉግል የሁለት ወር ፍለጋ በሙሉ ጠይቆ ነበር፤ ጉግል እምቢ ብሎ ሲከራከር ጥያቄው ወደ 5,000 የፍለጋ ቃላትና 50,000 የድረ ገጽ አድራሻዎች ጠበበ፤ በማርች 2006 ዳኛው የድረ ገጽ አድራሻዎቹ እንዲሰጡ አዝዘው የፍለጋ ቃላቱን አልፈቀዱም። መንግሥት የማንንም ስም ባይጠይቅም ሰዎች በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የራሳቸውን መለያ ቁጥር ሊጽፉ እንደሚችሉ በውሳኔያቸው አንሥተዋል።

ሥራውን ሲጨርሱ ይፈትሹት። በየትም መዝገብ የማይገኝ ትርጉም አልባ ቃል ፈጥረው በሳጥኑ ይፈልጉ። በማግስቱ ቃሉን በፊደሉም በፐርሰንት መልኩም በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሁሉ ያስሱ፤ በዳታቤዙ፣ በዌብ ሰርቨሩ ሎግ፣ በካሹ (በጊዜያዊ ማከማቻው)፣ በስሕተት ሎጉ፣ በሌሊት በሚወሰደው ባክአፕም (በመጠባበቂያ ቅጂው) ጭምር። የተጨመቁትን ፋይሎች ሳይፈቱ ማሰስ ምንም ስለማያሳይዎት መጀመሪያ ይፍቷቸው። በደንባችሁ የተጻፈው የማቆያ ቀን ካለፈ በኋላም ያንኑ ፍተሻ ይድገሙት፤ ቃሉ ያን ጊዜም ከተገኘ በአብዛኛው ያለው ባክአፕ ውስጥ ነውና የባክአፑንም ዕድሜ ከደንቡ ጋር ያስተካክሉ።