የሣለው ማን ነው? ለኮሚክ መጽሐፍ ወዳጅ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ስለምትወዱት ኮሚክ መጽሐፍ ስትጠየቁ አስቀድማችሁ የምትጠሩት የጀግናውን ስም ነው። ስፓይደርማን፣ ባትማን፣ ብላክ ፓንተር ትላላችሁ፤ ልብሱን፣ ኃይሉን፣ ጠላቶቹን፣ በየትኛው ፊልም ማን እንደ ተወነው ሳታዛንፉ ትዘረዝራላችሁ። «የሣለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲከተል ግን አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ጥያቄ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ለመጻሕፍትና ለመጽሔቶች ሥዕል በመሥራት፣ ገጽ በማቀናበር፣ ከማተሚያ ቤት ሰዎችም ጋር ስለ ቀለም በመከራከር ነው። ለኮሚክ ሠዓሊዎች ያለኝ ፍቅር ግን ከሙያዬ የቀደመ፣ ወደ ሙያውም መርቶ ያስገባኝ ነው። እናንተም ከጀግናው አልፋችሁ ጀግናውን ወደሣለው ሰው እንድትደርሱ እወዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ገጹ የሚሰጣችሁ ደስታ ዛሬ ከምታውቁት እጅግ ይበልጣልና።

ከሁሉ አስቀድሜ የማስተዋውቃችሁ ጃክ ከርቢን ነው። የተወለደው በ1917 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ፣ ድሆች ስደተኞች ተጨናንቀው ይኖሩበት በነበረው በሎወር ኢስት ሳይድ ሰፈር ሲሆን፣ አይሁዳውያን ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጃኮብ ከርትዝበርግ ነበር። ከጆ ሳይመን ጋር ሆኖ ካፒቴን አሜሪካን ፈጠረ፤ በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታው ይታያል፤ ይህም የሆነው አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ ነው። በኋላ ከርቢ ራሱ ወደ አውሮፓ ዘመተ፤ ሥዕል መቻሉ ሲታወቅም ከጦሩ ቀድሞ እየሄደ የአካባቢውን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ነድፎ የሚመለስ ቃኚ ተደረገ። በዚያ ክረምት ብርዱ እግሮቹን ክፉኛ ስለጎዳቸው ሆስፒታል ገብቶ ነበር። በሥዕሎቹ ውስጥ የሚፈርሱ ሕንፃዎችን፣ የሚወድቁ ሰዎችን፣ ጭስና ፍርስራሽን ባየሁ ቁጥር ይህ ሰው የሣለውን ነገር በዓይኑ ያየ መሆኑን አስባለሁ።

በ1961 ማርቭል በተባለው አሳታሚ ድርጅት ከጸሐፊው ከስታን ሊ ጋር ፋንታስቲክ ፎርን ጀመረ፤ ከዚያም ሀልክ፣ ቶር፣ ኤክስ ሜን፣ በ1966 ደግሞ ብላክ ፓንተር ተከታተሉ። እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ማወቅ ይገባችኋል። በዚያ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሠዓሊው የሚሰጠው ተጽፎ ያለቀ ድርሰት አልነበረም። ጸሐፊውና ሠዓሊው ስለ ታሪኩ በአጭሩ ይነጋገራሉ፤ ሠዓሊው ሃያ ያህል ገጾችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሎ ያመጣል፤ ጸሐፊው ሰዎቹ የሚናገሩትን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ቅጽበት እንደሚረዝምና የትኛው በአንድ ሳጥን (በገጹ ላይ ባለ አንድ የተከበበ ሥዕል) እንደሚያልፍ የሚወስነው የሠዓሊው እርሳስ ነበር። ዓለማትን የሚበላው ጋላክተስ በመጣበት ታሪክ ውስጥ ከርቢ ባመጣቸው ገጾች ላይ ማንም ያላዘዘው፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በሰማይ የሚንሳፈፍ ብርማ ሰው ተገኘ፤ እንዲህ ያለ ታላቅ ኃይል ከፊቱ የሚሄድ መልእክተኛ ሊኖረው ይገባል ብሎ ራሱ የጨመረው ነው። ሲልቨር ሰርፈር የተወለደው እንዲህ ነው። ታሪኩን ማን ደረሰው የሚለውን ጥያቄ ስትመልሱ ይህን ከግምት አስገቡ።

አሁን ደግሞ ማየትን እንማር። የከርቢን አንድ ገጽ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና ንግግሩን ሳታነቡ እጆቹን ብቻ ተመልከቱ። ቡጢው ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ እናንተ የሚመጣ ይመስላል፤ ምክንያቱም ቅርብ ያለውን ከመጠን በላይ አግዝፎ፣ ሩቅ ያለውን እጅግ አሳንሶ ስለሚሥለው ነው። የጠፈርን ኃይል ማሳየት ሲፈልግ ጥቋቁር ነጠብጣቦችን እርስ በርስ እያደራረበ ያፈስሳቸዋል፤ ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ ሠዓሊዎች ይህን ስልት በእርሱ ስም ይጠሩታል። ትክክለኛ የሰው አካል አጥኚ ከሆናችሁ ጉልበቶቹና ጣቶቹ ልክ አለመሆናቸውን ትናገራላችሁ። አዎን፣ ልክ አይደሉም፤ እርሱ የሚሥለው ጡንቻውን ሳይሆን ጡንቻው የሚሠራውን ነው፤ ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው የከርቢን ሥራ ገና አላየውም እላለሁ።

ከዚያ ወደ ስቲቭ ዲትኮ እለፉ። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት በ1962ቱ መጽሔት ውስጥ የሣለው እርሱ ነው። የከርቢ ጀግኖች ደረታቸውን ነፍተው ሲቆሙ የዲትኮ ልጅ ግን ቀጭን ነው፤ ትከሻው ይጎብጣል፤ ጣቶቹ ይጣመማሉ፤ ጭንቀቱ ከፊቱ ይልቅ በእጆቹ ላይ ይነበባል። የፌብሩዋሪ 1966 እትም የሆነውን የስፓይደርማን 33ኛ ቁጥር ካገኛችሁ መጀመሪያ ያሉትን ገጾች ደጋግማችሁ አጥኗቸው። ጀግናው ከባድ ብረት ተጭኖት ከሥሩ ተቀብሯል፤ ውኃ እየገባ ነው፤ አክስቱን የሚያድነው መድኃኒት ጥቂት ርቆ ወድቋል። ዲትኮ በጠባብ ሳጥኖች ይጀምራል፤ ልጁም ልክ እንደ ሳጥኖቹ የተጨነቀ ነው። ብረቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሳጥኖቹ ቀስ በቀስ ይሰፋሉ፤ በመጨረሻ ብረቱ ከጀርባው ሲነሣ አንድ ሥዕል ገጹን ሁሉ ይሞላዋል። ንግግሩ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ አንባቢው ያን ክብደት በትከሻው ላይ ይሰማዋል። የሳጥን መጠን ጊዜም ክብደትም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ገጽ አላውቅም፤ ገጽ ሳቀናብር በኖርሁባቸው ዓመታትም ስቸገር የምመለሰው ወደዚሁ ነበር።

ሠዓሊ ስል አንድ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌላው በብሩሽና በብዕር ጥቁር ቀለም ይደርብበታል፤ ሌላዋ ቀለማቱን ትመርጣለች፤ ሌላው ፊደሉን በእጁ ይጽፋል። በቀለም የሚደርበው ሰው መስመር ገልባጭ ብቻ አይደለም። የከርቢን እርሳስ ጆ ሲኖት ሲደርብበት ብረቱ እንደ ብረት ያንጸባርቃል፤ ሌላ ሰው ሲደርብበት ያው እርሳስ የደበዘዘበት ጊዜ አለ። ማሪ ሰቨሪን በ1949 ገደማ ቀለም በመምረጥ ጀምራ በኋላ ራሷ ሀልክንና ዶክተር ስትሬንጅን የሣለች ባለሙያ ናት፤ በርካሽ ወረቀት ላይ በጥቂት ቀለማት ብቻ ይታተም በነበረበት ዘመን በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ቀለም ሸፍኖ ዓይንን ወደሚፈለገው ቦታ መምራት የእርሷና የመሰሎቿ ጥበብ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ስታን ሊ ከሠዓሊዎቹ ጋር ስለነበረው የድርሻ ክርክር ብዙ ቢባልም፣ የእርሳሱን፣ የቀለሙንና የፊደሉን ሠራተኞች ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማተምን ልማድ ካደረጉት አንዱ እርሱ ነውና ይህ ሊመሰገንለት ይገባል።

ስለ ስም ይህን ያህል የማነሣው በከንቱ አይደለም። በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማንን ከነሙሉ መብቱ የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ያ ክፍያ ከሌሎች ሥራዎቻቸው ዋጋ ጋር ተደምሮ የተጻፈበት የ412 ዶላር ቼክ በ2012 በጨረታ ቀርቦ 160,000 ዶላር አወጣ፤ ወረቀቱ እነርሱ ለጀግናው ካገኙት ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ተሸጠ ማለት ነው። ሠዓሊው ሹስተር ዓይኑ ደክሞ በችግር ይኖር ነበር። በ1975 ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሠዓሊዎች ስለ እነርሱ ተሟግተው የሱፐርማን አሳታሚ ድርጅት የዓመት ጡረታ እንዲቆርጥላቸውና ስማቸው ወደ መጽሐፉ እንዲመለስ አደረጉ። ባትማንን ከባልደረባው ጋር የቀረጸው ጸሐፊ ቢል ፊንገርም በ1974 ሲሞት ስሙ ከፈጣሪነት መዝገቡ ውጭ ነበር፤ የገባው በ2015 ነው። ከርቢ ደግሞ በእጁ የሣላቸው ገጾች እንዲመለሱለት በ1980ዎቹ ለዓመታት ተከራከረ፤ ለማርቭል ድርጅት ከሣላቸው ከ10,000 በላይ ገጾች መካከል በ1987 የተመለሱለት 2,000 ያህሉ ብቻ ናቸው። በዚያ ክርክር ከጎኑ ከቆሙት መካከል የሙያ ጓደኞቹና አድናቂዎቹ ይገኙበታል። እርሱ በ1994 ሞተ፤ ቤተሰቡ ከድርጅቱ ጋር የተስማማው በ2014 ነው። የአድናቂ ድምፅ ዋጋ የለውም ለሚላችሁ ሰው ይህን ታሪክ ንገሩት።

ከአሜሪካ ውጭም ተመልከቱ። የቤልጅጉ ኤርዤ ቲንቲንን በ1929 ሲጀምር ስለ ሩቅ አገር ሰዎች የሚሥለው በአገሩ ሲወራ የሰማውን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱም በዚህ ምክንያት ዛሬ ለማንበብ የሚከብዱ፣ ሌላውን ሕዝብ የሚያዋርዱ ሥዕሎች አሉባቸው። በ1934 ግን በብራሰልስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ይከታተል ከነበረ ጃንግ ቾንግረን ከሚባል የሻንጋይ ወጣት ጋር ተገናኘ። ጃንግ ስለ ቻይና ኑሮ፣ ስለ ሕንፃዎቹ፣ ስለ ቻይና አሣሣልም አስተማረው። በዚያን ጊዜ በተሠራው «ሰማያዊው ሎተስ» ውስጥ በሻንጋይ ግድግዳዎች ላይ የሚታዩት የቻይንኛ ጽሑፎች ዝም ብለው የተጫሩ መስመሮች ሳይሆኑ የዘመኑ እውነተኛ መፈክሮች ናቸው። ከዚያ መጽሐፍ በኋላ ኤርዤ ሳያጠና አገር አልሣለም ማለት ይቻላል። እናንተም ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም የመርካቶን ግርግር ልትሥሉ ስትነሡ የሌላ ሰውን ኮሚክ ከምትገለብጡ ወጥታችሁ የበሩን ቅርጽ፣ የተሸካሚውን አቋቋም፣ የነጠላውን እጥፋት ከቦታው ንደፉ።

በሳጥን በሳጥን ታሪክ መናገር ለእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን ሸራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከዘንዶው አንሥቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥኖች ተከፍሎ፣ ከየሳጥኑ ሥር የአማርኛ መግለጫ ተጽፎበት፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተነበበ ይሄዳል። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ስማቸው የታወቀ ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ በቀር ግን ሸራው በየቤቱ ተሰቅሎ ሳለ ማን እንደሣለው የሚጠይቅ እንግዳ ብዙ አላጋጠመኝም። በቅርቡም ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ያን መጽሐፍ ስትገዙ ወደ ታሪኩ ከመሮጣችሁ በፊት የሠሩትን ሰዎች ስም የያዘውን ገጽ አንብቡ፤ የእርሳሱን፣ የቀለሙን፣ የፊደሉን ባለሙያ ለዩ፤ ከዚያም የወደዳችሁትን ሰው ሌላ ሥራ ፈልጉ።

በቴሌግራም ሥዕል ለጓደኞቻችሁ ስታጋሩ የሠዓሊውን ስም አብራችሁ ጻፉ፤ ስሙ ተቆርጦ የደረሳችሁ እንደ ሆነ ፈልጋችሁ መልሱት። ገንዘብ ባገኛችሁ ጊዜ መጽሐፉን ግዙ። በሕይወት ላለ ሠዓሊ ስትጽፉም «በጣም ጎበዝ ነህ» ብላችሁ አትተዉት፤ የትኛው ገጽ፣ የትኛው መስመር እንደ ነካችሁ ንገሩት፤ ብቻውን ለረጅም ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ቃል ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ ከራሴ ኑሮ አውቃለሁ። በ2008 አንድ ሰው ስፓይደርማን የተወለደበትን የዲትኮን መጽሔት በእጅ የተሣሉ ዋና ገጾች በሙሉ ስሙን ሳይገልጽ በዋሽንግተን ለሚገኘው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አስረክቧል። ለጨረታ ቢያወጣቸው እጅግ ብዙ ገንዘብ ባገኘ ነበር፤ እርሱ ግን ማንም ተማሪ ገብቶ እንዲያጠናቸው መረጠ። እንዲህ ያለውን አድናቂ እኔ ከሠዓሊዎቹ ለይቼ አላየውም።

ከእናንተ መካከል ለመሣል የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ የታላላቆቹን ገጽ በእጃችሁ መገልበጥ ጥሩ ትምህርት ነውና አትፈሩት፤ የማን እንደ ሆነ ግን ከሥሩ ጻፉ። በራሳችሁ ሥራ ላይ ስማችሁንና ቀኑን አኑሩ። የማተም ፈቃድ መስጠትና ጀግናውን ለዘለዓለም መሸጥ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው፤ የሚቀርብላችሁ ውል የትኛው እንደ ሆነ ሕግ በሚያውቅ ሰው አስነብባችሁ ሳትረዱ አትፈርሙ። በወረቀት የሠራችሁ እንደ ሆነ ከኅትመት በኋላ ዋናው ገጽ ወደ እናንተ እንዲመለስ በጽሑፍ አስይዙ፤ በኮምፒውተር የሠራችሁ እንደ ሆነ ደግሞ ንድፉና ቀለሙ ሳይዋሐዱ ያሉበትን ፋይል ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፤ ለአሳታሚው የምትልኩት የተጠናቀቀውን ገጽ ብቻ ይሁን።