ጥያቄና መልስ፦ ከአሜሪካ ጦር በቦርድ ለወጡ ልጆቻችን

«40 በመቶ ሬቲንግ (የጉዳት ደረጃ) አለኝ። ሥራ ከጀመርኩ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የሚከፍለኝ ይቆማል?»

አይቆምም። የሚያሰጋው «ሥራ መሥራት አይችልም» ተብሎ ለሚከፈለው ሰው ነው።

ሜዲክ (የጦር ሕክምና ረዳት) የነበረ ልጅ ረጅም ደብዳቤ ጽፎልኛል። ወገቡን ተጎድቶ በቦርድ ወጣ። ጓደኛው «መጋዘን ላስገባህ» ይለዋል። ቤተሰብ ገንዘብ ይጠብቃል። «ልግባ ወይስ ኡበር ልንዳ?» ይላል።

መጋዘኑ ይቅርብህ ወንድሜ። ከጦሩ ያስወጣህ ወገብህ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን የምታነሳውም በዚሁ ወገብ ነው። ኡበሩም ቢሆን ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። እኛ ዘንድ ቶሎ ሥራ የያዘ ጎበዝ ይባላል፤ ትምህርት ቤት የገባውን ደግሞ «እስከ መቼ?» እንለዋለን። በዚህ ወሬ የተነሳ ልጆች መብታቸውን ጥለው ሲሄዱ ሳይ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ለቻፕተር 31፣ ማለትም ቪኤ ጉዳተኞችን አስተምሮ ወደ ሥራ ለሚመልስበት ፕሮግራም፣ አመልክት። ሬቲንግህ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ጉዳቱ ለሥራ እንቅፋት ከሆነብህ አማካሪ ያይሃል። ብቁ ነህ ካለህ የትምህርት ክፍያው፣ መጽሐፉ፣ መሣሪያው ይሸፈናል፤ ስትማር በየወሩ የኑሮ ድጎማም አለው። ከድኅረ-9/11 ጂአይ ቢልህ (ለወታደሮች ከሚሰጠው የትምህርት ጥቅም) አንድ ቀን እንኳ ቀርቶህ ከሆነ፣ ድጎማውን በጂአይ ቢሉ የቤት አበል መጠን እንዲያስቡልህ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ካልጠየቅክ ግን ሊያመልጥህ ይችላል።

ምን ትማር? የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ወረቀት ይኖርሃል፤ አምቡላንስ ላይ ግን ሰው በቃሬዛ ማንሳት አለ። የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት 2 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ነው፤ የለመድከውን የሕክምና ቋንቋ ይዘህ ትገባለህ፣ በሽተኛ ማንሳት የለበትም። የሕክምና ኮዲንግ (በሽታውንና ሕክምናውን ለክፍያ በኮድ መመዝገብ) ደግሞ ቤት ተቀምጦም ይሠራል። ሬቲንግህ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያለ ውድድር ሊቀጥርህ ይችላል። ለቤተሰብ የምትልከው ለጊዜው ይቀንስ። ደውልና ምክንያቱን በግልጽ ንገራቸው።

«ጦሩ ውስጥ የጭነት መኪና እነዳ ነበር። አሁን የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ላውጣ?»

አሁን አይሆንም እህቴ። የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ) የጤና ምርመራ አያሳልፍሽም። መንገዱንም ጭነቱንም ታውቂያለሽና ዲስፓቸርነት (ቢሮ ሆኖ ሾፌሮችን ማሰማራት) ሞክሪ። የቀረውን ሐኪምሽ ይንገርሽ።

«የቪኤን ወረቀት እንሞላልሃለን ብለው ገንዘብ ጠየቁኝ።»

እንዳትከፍል! የመጀመሪያ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ዕውቅና ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ይሠሩልሃል።

«ከወጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሥራ ባገኝስ ምን ይረባኛል?» ያልከኝ ወንድሜ፦

ሥራው ይቆየን። አሁኑኑ 988 ደውልና 1ን ተጫን፤ የቀድሞ ወታደሮች የጭንቅ ጊዜ የስልክ መስመር ነው። ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ በነፃ ነው፣ ቪኤ መመዝገብም አይጠይቅም። ነገ ጠዋት ደግሞ የምታምነውን ሰው ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለወጉ ያህል አይደለም የምነግርህ፤ እለምንሃለሁ። ስትመለስ ጻፍልኝ፤ የሥራውን ነገር ያን ጊዜ አብረን እናየዋለን።