የጅብ ጥላ መድኃኒት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ግቢ፣ የበሰበሰ ግንድ ላይ የጅብ ጥላ ይፈላል። ጎረቤታችን «አድርቀህ ፈጭተህ ብትጠጣው ለካንሰር ፍቱን ነው፣ ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ» አለኝ። እውነት ነው?
(አንባቢ፣ ከጎጃም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ያለው ሁሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ «ፍቱን ነው» ማለቱ ግን ስህተት ነው። እንጉዳይ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ጃፓኖች ሺታኬ ከሚባለው እንጉዳይ ያወጡትን ሌንቲናን የተባለ ቤታ ግሉካን ከካንሰር ሕክምና ጋር ደርበው በመርፌ ይሰጡ ነበር። ልብ በል፣ ደርበው ነው፤ ያውም ተጣርቶና ተመጥኖ። ፔኒሲሊንም ቢሆን በ1928 እንደ አውሮፓውያኑ የተገኘው ከሻጋታ ነው፣ ሻጋታ ደግሞ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። ግን የሻገተ እንጀራ በልቶ ከሳንባ ምች የዳነ ሰው እስካሁን አላየሁም!

የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። አማቶክሲን የሚባል መርዝ ያለባቸው የዱር እንጉዳዮች አሉ፤ ብትቀቅለውም ብታደርቀውም መርዙ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ምንም አይሰማህም፣ ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ያጣድፍሃል፣ ቀጥሎ የተሻለህ ይመስልሃል፣ ጉበትህ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ነው። «ከብት በልቶት ምንም አልሆነም» የሚሉትም መለኪያ አይሆንም። የግንዱን ተወው። ቀምሰህ ከሆነ ደግሞ እስኪያምህ አትጠብቅ፣ የተረፈውን ይዘህ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂድ።