ፖሊሱ የሚበላው ከትኬት ነው ወይ?

ከሳን ሆሴ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። 24 ዓመትሽ ነው፤ ቀን ኮሌጅ፣ ማታ ፓርኪንግ። የካሊፎርኒያ ሃይዌይ ፓትሮል፣ ማለትም የስቴቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስ፣ ልትገቢ አስበሻል። እናትሽ "ነርሲንግ ካልሆነ" ብለዋል። አጎትሽ ደግሞ 880 ፍሪዌይ ላይ በፍጥነት የቅጣት ትኬት ከተጻፈባቸው ወዲህ "በትኬት ኮሚሽን ነው የሚኖሩት፤ ኮታ ያልሞላ ይባረራል" ይሉሻል።

ይቺን ወሬ ቡና ላይ ስንቴ ሰማኋት! እንዲያው ታናድደኛለች። ስለዚህ አብዛኛው መልሴ ለአጎትሽ ነው።

መኪናሽን ስታስመዘግቢ ለዲኤምቪ፣ ለስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ ትከፍያለሽ አይደል? እሱና የመንጃ ፈቃድ ክፍያ የሞተር ተሽከርካሪ ሂሳብ በሚባል የስቴቱ ካዝና ይጠራቀማሉ። የፓትሮሉ በጀት በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚወጣው፤ በየዓመቱ የሚያጸድቀውም የስቴቱ ምክር ቤት ነው። እኔ ከዲኤምቪ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ያንን ክፍያ ስቀበል ኖሬያለሁ። "ምን ይሠራበታል?" ብሎ የሚጮህብኝ አይጠፋም ነበር።

የደመወዙም ስሌት በሕግ የተቀመጠ ነው። የሎስ አንጀለስ፣ የሳን ዲዬጎ፣ የኦክላንድና የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊሶች፣ እንዲሁም የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ የሚከፍሉት ታይቶ አማካዩ ይወሰዳል። አንድ ትኬት ጻፍሽ መቶ፣ ደመወዝሽ ንቅንቅ አይልም።

ኮታስ? የስቴቱ የተሽከርካሪ ሕግ ይከለክለዋል። በትኬት ብዛት ብቻ ሰው ማሳደግም ማባረርም አይቻልም። "ብቻ" የምትለዋን ግን ልብ በያት። አለቃሽ ቁጥሩን ጨርሶ አያይም ማለት አይደለም። ሕጉ አብሮ የሚታየውን ሲዘረዝር ሰዓት ማክበርን፣ ሕዝብ ያቀረበውን አቤቱታ፣ ምስጋናን፣ ጠባይንና የሙያ ማመዛዘንን ይጠቅሳል። አንድ አሽከርካሪ ላይ ብትጮሂ እሱም ፋይልሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ስለ አክሰንትሽ አትጨነቂ፤ ሪፖርት አጻጻፍሽን አጥብቂ። ምደባውን በተመለከተ፣ ከአካዳሚ ስትወጪ ስቴቱ ውስጥ የትም ሊልኩሽ ይችላሉ። ፓትሮሉ 8 የመስክ ዲቪዥኖች አሉት፤ የእናንተ አካባቢ ጎልደን ጌት ይባላል።

አሁን ወደ እናትሽ። የቤት ኪራዩን ግማሽ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ሥራ ቀንሰሽ ነርሲንግ ስትማሪ ያንን ማን ይሸፍነዋል? በግልጽ ጠይቂያቸው። አካዳሚው ግን እየከፈለ ነው የሚያሠለጥንሽ።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ነርሲንግን የሸሸሽው ደም ስለምትፈሪ ነው ብለሻል። እህቴ፣ ፍሪዌይ ላይ መኪና ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ይመስልሻል?

እኔ ብሆን መጀመሪያ እዚያው ፓትሮል ውስጥ በሲቪል ሠራተኛነት፣ የ911 አደጋ ጥሪ ተቀባይና ዲስፓቸር (ፖሊሶችን በሬዲዮ የሚያሰማራ) ሆኜ እገባለሁ። መሣሪያ የለም፤ የስቴት ጡረታ አለ። ሥራውንም ከውስጥ ታዪዋለሽ። የመኮንንነት ማመልከቻ የዕድሜ ገደብ አለው፤ አንቺ ግን ገና 24 ስለሆንሽ ጊዜ አለሽ። የጎልደን ጌቱ የጥሪ ማዕከል ቫሌሆ ነው፤ ከሳን ሆሴ ሩቅ ነውና ከማመልከትሽ በፊት የቤት ኪራዩን ነገር ከእናትሽ ጋር ጨርሺ።