ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት መኪናዎ የት ይቆማል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከዋናው ምድር በጀልባ የስድስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ደሴቷን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እኔም በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳም። ጣሪያዬ ላይ እያንዳንዳቸው 450 ዋት የሆኑ 6 የሶላር ፓኔሎች አሉኝ፤ ከእነሱም ጋር የፓኔሎቹን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የቤት ባትሪ አለኝ። ማቀዝቀዣው፣ መብራቱና የውሃ ፓምፑ ተደምረው በቀን 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ቤንዚን የሚመጣልን በጀልባ ስለሆነ፣ ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር ሳምንት ሙሉ እናጣዋለን። በዚህ ምክንያት ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ባስብም፣ ጎረቤቶቼ «መኪናው የቤትህን መብራት ይበላዋል» እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ የሚሉት ነገር ሊደርስ ይችላል፤ የሚደርሰው ግን መኪናው ከአቅምዎ በላይ ኃይል ስለሚፈልግ ሳይሆን ያለ ሰዓቱ ሲሰካ ነው። ሒሳቡን አብረን እንየው። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ የእርስዎ የቀን ጉዞ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 5 ይጠጋል። ፓኔሎችዎ በድምሩ 2.7 ኪሎ ዋት ናቸው። የአካባቢዎ ፀሐይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሏ እንደወጣች የሚቆጠር ከሆነ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በኢንቨርተሩ የሚጠፋው ተቀንሶ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያገኛሉ። ከዚህ ላይ 4 ለቤት፣ 5 ለመኪና ሲወጣ የሚተርፈው 1 ብቻ ነው። ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ያዳርሳል። ሰማዩ ደመና በሆነ ቀን ደግሞ መኪናውን አለመሰካት ይችላሉ፤ ምክንያቱም 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አንዴ ከሞላ በእርስዎ አነዳድ ከሳምንት በላይ ያቆይዎታል። ማቀዝቀዣ ነገን አይጠብቅም፤ መኪናው ግን ይጠብቃል።

አሁን ጎረቤቶችዎ የፈሩትን እንመልከት። መኪናው ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ውሎ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቤት ደርሶ ተሰካ እንበል። ተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.3 ኪሎ ዋት ይሰጠዋል። በዚህ ፍጥነት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው የቤትዎ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ቢጀምር እንኳ መኪናው ከተሰካ አምስት ሰዓት ሳይሞላው ባዶ ይሆናል፤ ማቀዝቀዣውም እስኪነጋ ጸጥ ይላል። ከዚህም ሌላ ኃይሉ ከፓኔል ወደ ቤት ባትሪ፣ ከቤት ባትሪ ደግሞ ወደ መኪና ባትሪ ሲገለባበጥ በየደረጃው ይሸራረፋል። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት ዋናው ጥያቄ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መኪናው የት ይቆማል የሚለው ነው። ቤት የሚውል ከሆነ አሁን ባለዎት ፓኔል መጀመር ይችላሉ፤ ሁለት ቢጨምሩበት ደግሞ በሰፊው ይተነፍሳሉ። ሥራ ቦታ የሚውል ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ የቤቱን ባትሪ ለማሳደግ የሚያወጡትን ገንዘብ ሥራ ቦታ ላይ ፓኔል ለመትከል ቢያውሉት ይሻላል።

የቻርጀሩን አምፔር ዝቅ ማድረግም ይጠቅምዎታል፤ ነገር ግን ወሰን አለው። የመኪና ቻርጀር እንዲሠራ ቢያንስ 6 አምፔር ይፈልጋል፤ ይህም በ230 ቮልት 1.4 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለ ትርፍ ፀሐይ ወደ መኪናው ሊገባ አይችልም። በተጨማሪም መኪናው ቻርጅ በሚያደርግበት ጊዜ ሁሉ ኮምፒውተሮቹና የማቀዝቀዣ ፓምፑ ከ200 እስከ 400 ዋት የሚደርስ ኃይል ለራሳቸው ስለሚወስዱ፣ ለረጅም ሰዓት በ6 አምፔር ከማንጠባጠብ ይልቅ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በ8 አምፔር ጠንከር አድርጎ መሙላት ብክነቱን ይቀንሳል።

ደመናው ሲበዛ ጄኔሬተር አስነስቶ መኪናውን መሙላት እንደ ማምለጫ ይታሰባል። አነስተኛ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚያወጣው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላሉ፤ ይህም ቆጣቢ የሆነ የቤንዚን መኪና ከሚፈጀው አይለይም። ሕመምተኛ ለማድረስ ከሆነ ያለ ጥርጥር ያድርጉት፤ ልማድ ከሆነ ግን ከጀልባው ጥገኝነት አልተላቀቁም።

ብዙ አዲስ ባለቤቶችን በመጀመሪያው ቀን ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ነገር አለ፤ እርስዎ ቀድመው ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ኬብሉን ከሶኬቱ ጋር ያገናኙታል፤ የቻርጀሩ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ደህና መስሎ ይቆይና ቀይ ይሆናል፤ መኪናውም አልቀበልም ይላል። መኪናውም ኢንቨርተሩም አልተበላሹም። ከዋና መስመር ጋር ያልተገናኙ ብዙ ኢንቨርተሮች ኒውትራል የሚባለው የኃይል መመለሻ ሽቧቸው ከመሬት ሽቦ ጋር አይገናኝም፤ የመኪና ቻርጀር ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመሬት ሽቦውን ስለሚፈትሽ፣ ሳያገኘው ሲቀር ሰው እንዳይመታ ብሎ ያቆማል። መፍትሔው ዕውቀት ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ኒውትራሉንና የመሬት ሽቦውን በአንድ ቦታ ብቻ እንዲያገናኝ፣ የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲኖር ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከርም እንዲገጥም ማድረግ ነው። ፍተሻውን የሚያታልል መሰኪያ ሠርቶ ማለፍ የሚቻል ቢሆንም፣ እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳር ቤት ሕይወት የሚያስከፍል ድርጊት ነውና አደራ እንዳይሞክሩት።

ያገለገለ መኪና መምረጥዎን እደግፋለሁ። የቀድሞዎቹ የኒሳን ሊፍ መኪኖች ባትሪያቸውን በፈሳሽ ስለማያቀዘቅዙ በሞቃት አገር አቅማቸው ቶሎ ይደክማል፤ ሆኖም በቀን 25 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከ24 ኪሎ ዋት ሰዓቱ 60 በመቶው ብቻ የቀረለት ባትሪ እንኳ ከበቂ በላይ ነው። በረጅም መንገድ አገር ማንም የማይፈልገው መኪና በእርስዎ ደሴት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። መለዋወጫ ግን በጀልባ ስለሚመጣ፣ ሌላ የደሴቷ ነዋሪ የያዘውን ዓይነት ይግዙ፤ አነስተኛዋን የ12 ቮልት ባትሪም መጠባበቂያ ይያዙ፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናን ግቢ ውስጥ አስቀርታ የምታውል እሷ ናትና።

ጥያቄ፦ በደሴታችን 60 ቤቶች ከአንድ የጋራ የሶላርና የባትሪ ጣቢያ ኃይል እናገኛለን። አምስት ቤተሰቦች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ዋት የሚያወጣ የግድግዳ ቻርጀር ሊያስገጥሙ ነው። ስብሰባ መጥራት ያስፈልገናል?

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል፤ ያውም ቻርጀሮቹ ከመገጠማቸው በፊት። አምስቱ መኪኖች አመሻሽ ላይ በአንድነት ከተሰኩ 35 ኪሎ ዋት ይጠይቃሉ፤ ይህም ሁሉም ቤት መብራት በሚያበራበትና ፀሐይዋ በጠለቀችበት ሰዓት ነው። በስኮትላንድ የምትገኘው የኤግ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ከነፋስ፣ ከውሃና ከፀሐይ የሚመነጭ የጋራ ኃይል መጠቀም ስትጀምር፣ ነዋሪዎቿ ለአንድ ቤት ከ5 ኪሎ ዋት፣ ለንግድ ቤት ከ10 ኪሎ ዋት በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይወሰድ ተስማምተዋል። በዚህ ደንብ ከሄድን እናንተ ያሰባችሁት አንዱ ቻርጀር ብቻውን ከአንድ ቤት ድርሻ ያልፋል።

ይሁን እንጂ መኪኖቹ ሸክም ብቻ ሆነው እንዳይታዩ እፈልጋለሁ። በአሜሪካ ሳሞአ የታኡ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2016 በናፍጣ ምትክ 1.4 ሜጋ ዋት የሶላር ጣቢያና 6 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተተክሎላታል፤ ይህን የሚያህል ባትሪ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሚይዙ 150 መኪኖች ባትሪ ጋር እኩል ነው። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ባትሪው እኩለ ቀን ሳያልፍ ሲሞላ፣ ፓኔሎቹ ሊያመነጩ እየቻሉ እንዲቀንሱ ይደረጋሉ። ያን የሚባክን ኃይል መኪኖቹ ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ ስብሰባችሁ ላይ ቻርጀሮቹ በ2 ኪሎ ዋት እንዲወሰኑ፣ በሰዓት ቆጣሪ እኩለ ቀን ላይ ብቻ እንዲሠሩና የቀኑ ክፍያ ከማታው እንዲረክስ ሐሳብ አቅርቡ።

ጥያቄ፦ የባሕሩ ጨው መኪናዬን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ይጎዳዋል፤ በተለይ ፍሬኑን። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራውና ዲስኩ እምብዛም አይፋተጉም፤ ሳይፋተጉ የከረሙ ዲስኮችን ደግሞ ጨው ያዘለው እርጥበት ይበላቸዋል። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ የመኪናውን ሆድም በዝናብ ውሃ ያጥቡ። ፓኔል ሲገዙ አይ ኢ ሲ 61701 የተባለውን የጨው ጉም ፈተና ማለፉን ይጠይቁ።

ማዕበል መጥቶ የባሕር ውሃ ወደ ባትሪው ከደረሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ በጨው ውሃ የተጥለቀለቁ የኤሌክትሪክ መኪኖች በእሳት ተያይዘዋል፤ እሳቱም ውሃው ከጎደለ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና አያስነሱት፣ አይሰኩትም፤ ከቤትና ከማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር ቢያንስ 15 ሜትር አርቀው ሜዳ ላይ ያቁሙትና ባለሙያ እስኪያየው ልጆች እንዳይጠጉት ይከልክሉ።